በዘጠኝ የሞላሁት ዓምድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ ሳልገባ ቀርቼ አይደለም፤ በየዓቢይ ጾሙ እገባለሁ። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያስቀየምኳቸውን ተማሪዎች፣ ጾም የገደፍኩባቸውን ቀኖች ሁሉ ለነፍስ አባቴ ዘርዝሬአለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። “አባ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ቁጥር ጻፍኩ” ብላቸው ምን ይገባቸዋል? እላለሁ ለራሴ። “ታዲያ ልጄ፣ ዘጠኝ መጻፍ ምን ኃጢአት አለው?” ቢሉኝስ? ስለ መጠይቅና ስለ ስሌት ማሽን ትምህርት ልሰጣቸው ነው? ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ቢገባቸውስ ብዬ ፈርቼ ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ ልናገር፤ ለማያውቁኝ፣ ለማላውቅዎ አንባቢ። ቀኖና አይሰጡኝም፤ “ይፍታሽ” አይሉኝም። ይስሙኝ ብቻ። እየሰሙ ደግሞ አይዘኑልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚታዘንለት ሰው አለ፣ እኔ ግን አይደለሁም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው ስለ መንግሥት ምን ያውቃል፣ ምንስ ያስባል እያልኩ በመጠየቅ ነው። በተለይ ሴቶች። ሴቶች ስለ ፖለቲካ ሲጠየቁ ለምንድን ነው ከወንዶች ይልቅ “አላውቅም” የሚሉት? በዚህች በአንዲት ጥያቄ ተምሬአለሁ፣ አስተምሬአለሁ፣ ማዕረግ አግኝቻለሁ፣ በጭብጨባ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጥያቄዋ የእኔ አልነበረችም። መልሱም የእኔ አልነበረም። ሁለቱም የአሰገደች ነበሩ።

አሰገደችና እኔ በአንድ ቀን ነው የተቀጠርነው፤ በደርግ ዘመን፣ በአንድ የመንግሥት የጥናት ክፍል ውስጥ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በየቀበሌው እናቶችን ፊደል ገበታ ፊት ያስቀመጠበት ሰሞን ነበር። ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ሴቶች ስለ አገራቸው አስተዳደር ምን ያህል ያውቃሉ፣ ስለ ቀበሌያቸው አሠራርስ ምን ይላሉ፣ ተጠንቶ ይቅረብ ተባለ። ለጥናቱ የተመረጠው ጉለሌ ነበር። እኔ በደስታ ልሞት። ጉለሌ ሰፈሬ ነው፤ ቁስቋም ሥር ተወልጄ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን አቀበት በልጅነቴ በእግሬ የፈጀሁት ሰው ነኝ። አሰገደች የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ከአዲሱ ገበያ ወዲያ ያለውን መንገድ እንኳ አታውቀውም። ይህ ጥናት የእኔ ነው፣ አልኩ። እዚህ ማን ይቀድመኛል?

ማን እንደሚቀድመኝ በመጀመሪያው ቀን ታየ።

ቤቶቹ ከቀበሌው መዝገብ ከየአሥሩ አንድ ተብለው የተመረጡ ናቸው። ሁላችንም አንድ ዓይነት መጠይቅ፣ አንድ ዓይነት ብዕር ይዘን እንሄዳለን፤ ከቀበሌ የተመደበ አንድ ሰው ደግሞ ቤቱን እያሳየ ይከተለናል። እገባለሁ፤ ወይዘሮዋ ያቅፉኛል። “የዘውዴ ልጅ አይደለሽ እንዴ! አቤት ማደግሽ! እናትሽ ደህና ናት?” ይላሉ። ስለ እናቴ፣ ስለ ሟች አባቴ፣ ስለማግባቴና አለማግባቴ ጠይቀውኝ ሲያበቁ እኔ መጠይቄን እዘረጋለሁ። ያኔ ፊታቸው ይለወጣል። በሩ ላይ የቆመውን የቀበሌ ሰው በዓይናቸው ጥግ ያዩታል። “የቀበሌው ሊቀመንበር የሚመረጠው እንዴት ነው?” “እኔ ምን አውቄ ልጄ።” “የፍርድ ሸንጎው ሥራ ምንድን ነው?” “እሱን የተማሩት ያውቁታል።” “ስለ ቀበሌው ሱቅ አሠራር ምን አስተያየት አለዎት?” “እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ምን አስተያየት አለኝ ብለሽ።” ሃያ ጥያቄ፣ ሃያ አላውቅም። አላውቅም፣ አላውቅም እያልኩ ስጽፍ ውዬ እጄ ዝሎ እመለሳለሁ።

አሰገደችም መጀመሪያ የምትሰማው ያንኑ ነው። እሷ ግን የሰማችውን በብዕር ከጻፈች በኋላ አትነሣም። ወደ ቀበሌው ሰው ዞር ትልና በትሕትና፣ “ጓድ፣ የሚቀጥለው ቤት ሰዎች እንዳይወጡብን እባክዎ ቀድመው ይንገሩልን” ትላለች። ሰውየውም በሩ ላይ መገተር ሰልችቶታልና ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ መጠይቁን ገልብጣ ታስቀምጥና ሴትዮዋ የያዙትን ሥራ አብራ ትይዛለች፤ ምስር ከሆነ ምስር ትለቅማለች፣ ጥጥ ከሆነ ፍሬውን ትለያለች። “ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ አሁን እንጫወት” ትላለች። ያንኑ ጥያቄ በጨዋታ ታነሣዋለች። ሴቶቹም ይናገራሉ። አቤት ሲናገሩ! ሲያበቁ፣ “ይህን ልጻፈው? ስም የለበትም” ብላ ታስፈቅዳለች። እሺ ካሏት በብዕር ከተጻፈው “አላውቅም” አጠገብ በእርሳስ ትጽፈዋለች። አንዳንዱ መጠይቅ ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ ተሞልቶ ይመጣል።

ይህን ለኃላፊያችን ስታስረዳ አጠገቧ ነበርኩ። “ሴቶቹ አያውቁም ማለት አይደለም፤ በማን ፊት እንደተጠየቁ ነው ነገሩ” አለች። ኃላፊያችን ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ግን ወደደው። ወረቀቱን እያገላበጠ ሳቀ፣ ሳቁን ደግሞ ቶሎ ዋጠ። “መልሶቹ በሁለት ዓምድ ይመዝገቡ” አለ፤ “የብዕሩ በአንደኛው፣ የእርሳሱ በሁለተኛው። ልዩነት ካለ ቁጥሩ ይነግረናል።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺስ ጓድ ሙሉ? የሰፈሩ ልጅ ሆነሽ ላንቺ አይናገሩም እንዴ?” አለኝ። ቀልድ ነበር። አሰገደችም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ቅናት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው በቁንጅና፣ በባል፣ በቤት ይቀናል። እኔ የቀናሁት ሰው ስላዋራት ነው። ያሳደጉኝ ሴቶች፣ አፍንጫዬን የጠረጉልኝ ሴቶች፣ ለእኔ የዘጉትን አፍ ከደብረ ብርሃን ለመጣች ለማያውቋት ልጅ ከፈቱት። ምን አጠፋሁ? በዓይናቸው ምን ሆኜ ነው የታየኋቸው? ዛሬ ሳስበው ግልጽ ነው፤ እኔ ነገ እዚያው አብሬአቸው የምኖር ነኝ፣ ለእኔ የተነገረ ሰፈር ውስጥ ይቀራል፤ እሷ ግን ይዛው ትሄዳለች። ያኔ ግን ይህን ማሰብ አልፈለግሁም። መቅናት ነበር የፈለግሁት፤ ቀናሁ።

ደግሞ አንድ የትምህርት ዕድል ነበር። ወደ ውጭ፣ ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር፤ ከክፍላችን አንድ ሰው ብቻ። ጥናቱ ሲያልቅ ማን እንደሚሄድ ይወሰናል ተብሏል። ማን እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ አላደርገውም ነበር ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

በመዝገቡ ላይ አሥረኛ ሆነው ከወጡት ቤቶች አንዱ የእኛ ቤት ነበር። ሰው የገዛ እናቱን መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ አሰገደች ተመደበች። እናቴ ዘውዴ ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ነው ያሳደገችኝ። በዘመቻው ፊደል ቆጥራ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች፤ ግን “ፊደሉ ሲደረደር ይምታታብኛል” ትል ነበር። ስለዚህ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋዜጣ አነብላት ነበር። እሷ እንዝርቷን እያሾረች፣ እኔ በሩ ላይ ብርሃኑ ጋ ተቀምጬ። አነባለሁ፣ ደግሞም አስረዳለሁ። ኅብረተሰባዊነት ማለት እንዲህ ነው፣ የገበሬ ማኅበር ማለት እንዲህ ነው። “እንዲህ ነው እንዴ?” ትለኛለች። የሳምንቱ ደስታዬ ያ ነበር። የተማረች ልጅ መሆኔ የሚታወቀኝ እዚያ በር ላይ ነበር እንጂ ቢሮ ውስጥ አልነበረም።

አሰገደች ከእናቴ ቤት ስትመለስ ቢሮ በር ላይ ጠበቅኋት። “እህ፣ ምን አለችሽ?” አልኳት እንደ ቀልድ። “አይነገርም” አለች እየሳቀች፤ “የተጠያቂ ምስጢር ነው። አንቺው ራስሽ አይደለሽ እንዴ ለአዲሶቹ ጠያቂዎች ይህን ያስተማርሽው?” ማታ እናቴን ጠየቅኋት። “ምን እላታለሁ፣ እኔ ምን አውቄ ብዬ ሸኘኋት” አለች። በአሰገደች መሸነፍ ተጽናናሁ። ለካ በእናቴ አፍ እሷም ትሸነፋለች፣ አልኩ። ያኔ አላፈርኩበትም፤ በደስታ ነው የተኛሁት።

መጠይቆቹ ተሰበሰቡ። መልሱን ወደ ቁጥር የመለወጥ ሥራ የእኔ ነበር፤ ጽሕፈቴ ንጹሕ ነው እየተባለ። አዎ አንድ፣ አይደለም ሁለት፣ እያለ ይሄዳል። “አላውቅም” ዘጠኝ ነው። ቁጥሮቹ በሰፊ ወረቀት ይሰፍሩና ወደ ስሌት ማሽኑ ክፍል ይላካሉ። በዚያ ሳምንት የአሰገደች እህት ደብረ ብርሃን ወለደች፤ አሰገደች አራሷን ልትጠይቅ ፈቃድ ወሰደች። ስትሄድ መጠይቆቿን በገመድ አስራ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረቻቸው። “የእርሳስ ጽሑፌን ከአንቺ በቀር የሚያነበው የለም። ከአንቺ ሌላ ለማን እሰጣለሁ?” አለችኝና ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሁሉም ወጥቷል፤ ብቻዬን ነኝ። መጠይቆቹ ላይ ስም የለም፤ ግን የእናቴን ወረቀት ለማወቅ ስም አያስፈልገኝም ነበር። ሥራዋ ጥጥ መፍተል፣ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ፣ ልጅቱ የመንግሥት ሠራተኛ። በብዕር፣ አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም። በእርሳስ ደግሞ ጠርዙ ሁሉ ሙሉ ነበር።

ሊቀመንበሩ እንዴት ይመረጣል? “እጅ አውጡ ይባላል፣ እናወጣለን። ማን እንደሚሆን ግን ከስብሰባው ሦስት ቀን ቀድሞ በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ይታወቃል። ዘይቱ ለማን ቀድሞ እንደሚቀዳ ያየ ሰው ያውቃል።” የፍርድ ሸንጎው? የአባላቱን ስም አንድ በአንድ ቆጥራለች፤ ማን ከማን ጋር እንደተጋባ፣ የማን ክስ ለምን እንደዘገየ ጭምር። እኔ የጥናቱ ባለሙያ ከአባላቱ ግማሹን አላውቅም። አነበብኩ፤ ተገረምኩ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ኮራሁ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ጋዜጣ ያነባሉ? በብዕር፣ “አላነብም፣ ልጄ ታነብልኛለች።” በእርሳስ ግን፣ “አነባለሁ። ልጄ ሥራ ስትሄድ አነባለሁ። እሑድ እስክታነብልኝ ድረስ ሁሉንም ጨርሼዋለሁ።” ቀጥሎ፣ “ታዲያ ለምን ታነብልዎታለች?” የሚል የአሰገደች ጥያቄ፤ ከሥሩ ደግሞ፣ “እያነበበች ስታስረዳኝ ደስ ይላታል። ይህን ለልጄ እንዳትነግሪያት። እሷ” ይላል። እዚያ ላይ ገጹ አለቀ። አሰገደች ወደ ጀርባው የምትመራ ትንሽ ቀስት ሠርታለች።

አልገለበጥኩትም።

ምን እንደተሰማኝ በደንብ አስታውሳለሁ። እናቴ አታለለችኝ ብዬ አይደለም የተናደድኩት። ለእሷ ነገረቻት ብዬ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረች እናቴ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ትንፋሼን የምትሰማ እናቴ፣ ያላሳየችኝን ራሷን ለዚያች ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገልጣ አሳየቻት። ሰፈሩን ወሰደችብኝ፣ ኃላፊውን ወሰደችብኝ፣ የትምህርት ዕድሉን ልትወስድብኝ ነው፤ አሁን ደግሞ እናቴን። እሑዴን። ደሜ ፈላ። ጽሕፈቴ ግን ንጹሕ እንደሆነ ቀረ።

በሁለተኛው ዓምድ፣ በእናቴ ረድፍ ላይ፣ ዘጠኝ ጻፍኩ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ እያልኩ እስከ መጨረሻው። ሳበቃ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ቀጣዩን መጠይቅ አነሣሁ። ምስር ሲለቅሙ የተናገሩትን ወይዘሮ ዘጠኝ አደረግኋቸው። እንጨት ከእንጦጦ የምታወርደውን ዘጠኝ አደረግኋት። አፍንጫዬን የጠረጉልኝን፣ “አቤት ማደግሽ” ያሉኝን፣ ሁሉንም። ሞኝ አልነበርኩም፤ ማሽኑ እንዳያስታውቅብኝ እዚህም እዚያም ጥቂት መልሶችን እንዳሉ ተውኩ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በንዴት ያበደ ሰው ለማሳመኛ የሚሆን ጥቂት አይተውም። እኔ ተውኩ። አስቤ፣ ለክቼ ነው ያደረግሁት።

አንድ ሰበብ ደግሞ አለኝ፤ በኋላ የሠራሁት። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ያ ሁሉ የእርሳስ ወሬ ለሴቶቹ አደጋ ነበር፣ እኔ ጠበቅኋቸው የሚል። ብዙ ዓመት በዚህ ሰበብ ተኝቻለሁ። ግን በዚያ ቅዳሜ ስለ ሴቶቹ ደኅንነት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ለእነሱ አዝኜ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ለአሰገደች መልሼ “ቅደጂው” እላት ነበር።

ቁጥሩ ከማሽን ሲመለስ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊያችን ሠንጠረዡን አየ፤ አዝኖ ነበር። “ጓድ አሰገደች፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነበር። ቁጥሩ ግን አልደገፈሽም። ያኔ ካሳየሽኝ ከጥቂቶቹ በቀር ብቻቸውን ሲጠየቁም ያው አላውቅም ነው” አላት። አሰገደች አልተቆጣችም። ወደ እኔ ዞረች። “ሙሉ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው። ጽፌ አልነበር እንዴ?” አለችኝ።

“የእርሳስ ጽሑፍ ነበር” አልኩ። “ግን መልስ የሚባል አይደለም። ወሬ ነው አብዛኛው።”

ወረቀቶቹ ይውጡና እንያቸው ማለት ትችል ነበር። ከኋላችን ካለው ካዝና ውስጥ ነበሩ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ብትል ኖሮ እጅ ከፍንጅ ተይዤ፣ ተዋርጄ፣ ምናልባትም ተባርሬ ዛሬ ሌላ ሰው እሆን ነበር። አላለችም። “ሙሉ ካለች ነው” አለች።

የትምህርት ዕድሉን እኔ ወሰድኩ። አሰገደች በገዛ ጥያቄዋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተዛወረች፤ ሰው ወደማይጠየቅበት። ከመሄዴ በፊት “ያገለገለ ወረቀት ይወገድ” በሚለው ቅጽ ላይ ፈርሜ መጠይቆቹን ሁሉ አስወገድኩ። የተወገደ ወረቀት ለባለሱቆች መጠቅለያ ይሸጥ ነበርና፣ ለብዙ ጊዜ አዲሱ ገበያ ጨው ወይም በርበሬ ስገዛ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልጬ አየው ነበር። የአሰገደች የእርሳስ ጽሑፍ ብቅ እንዳይል ፈርቼ ነው እል ነበር። ብቅ እንዲል ተመኝቼም ሊሆን ይችላል።

ለእናቴም ጋዜጣ ማንበብ ተውኩ። ከዚያ ቅዳሜ ማግስት እሑድ፣ “ሥራ በዝቶብኛል” አልኳት። “ይሁን ልጄ” አለችኝ። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀችኝም። ከውጭ ተመልሼ ከመጣሁ በኋላም አላነበብኩላትም። እሷም ማንበብ እንደምትችል ሳትነግረኝ፣ እኔም ማወቄን ሳልነግራት፣ አንድ ቤት ውስጥ ተዋደን ኖርን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ የታወቀ ነው። መመረቂያ ጽሑፌ የከተማ ሴቶች ስለ አስተዳደር ያላቸው እውቀት ዝቅተኛ ነው የሚል ነበር፤ ያው በዘጠኝ የተሞላው ዓምድ ነው። ለዓመታት ይህንኑ አስተማርኩ። በኋላ ደግሞ ደርግ ወድቆ፣ ዓለም ተለውጦ፣ “አላውቅም” ማለት አለማወቅ አይደለም የሚለው ሐሳብ በየመጽሔቱ ሲጻፍ ዓይኔን ሳላሽ “እኔም ይህን በጉለሌ አይቻለሁ” ብዬ ጻፍኩ። ተጠያቂን በማን ፊት ጠየቅነው? ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ የአሰገደች ነበር፤ ያለ ስሟ። በዚያ ጽሑፍ ተጨበጨበልኝ። አንድ ጊዜ ውሸት ናት አልኳት፤ ሌላ ጊዜ እውነቷን የራሴ አደረግሁት። የትኛው ይብሳል? እርስዎ ይፍረዱ፤ እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ።

አሰገደችን ከዚያ ስብሰባ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው በደንብ ያገኘኋት። እናቴ የሞተች ጊዜ ነው፤ የደርግ የመጨረሻዎቹ ወራት ነበሩ። ለቅሶ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ።

“እማማ ዘውዴን አልረሳኋቸውም” አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ያኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አጫውተውኛል። ማለቴ... ያጫወቱኝ ይመስለኛል።”

“እንዴት ይመስልሻል?” አልኳት።

“እንጃ ሙሉ። ያ ቁጥር ሲመጣ ግራ ገባኝ። ሰዎቹ ያላሉኝን ነው የጻፍኩት? እላለሁ። ብዙ ጊዜ አሰብኩት። እኔ እንዲሉኝ የፈለግሁትን የሰማሁ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሆድ ለሆድ ሲያጫውተኝ እንኳ፣ እንዲህ ብሎኛል ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። በቃ፣ ጆሮዬን አላምነውም።”

ይህን ያለችኝ እንደ ቀላል ነገር ነው፤ እያጽናናችኝ እያለች። ሥራዋን የቀማኋት፣ ዕድሏን የቀማኋት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጆሮዋን ነበር የቀማኋት። ሰው አምኖ የሚነግራት ሴት፣ የሰማችውን ማመን አቃታት። ይህን በዚያች ደቂቃ መመለስ እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃኝ። “በትክክል ሰምተሽ ነበር” ማለት ብቻ። የንፍሮውን ሳሕን አንሥቼ፣ “ያዢ እንጂ፣ ምንም አልቀመስሽም” አልኳት።

ሥጋዬ ለእናቴ እያለቀሰ፣ ልቤ ምን ይል እንደነበር ልንገርዎ? ይቀና ነበር። እናቴ ሞታ፣ ተቀብራ፣ አሁንም ይህች ሴት ከእናቴ ጋር የእኔ ያልሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ አላት እያልኩ።

አሰገደች በሕይወት አለች። ጡረታ ወጥታ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ ቤቷን አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ እንደተመለስኩ አልነግርዎትም፤ ለማስተዛዘኛ እንዳይሆንብኝ። ያልሄድኩት ቁጣዋን ፈርቼ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የእናቴ ቃል “እሷ” ብሎ የተቋረጠበትን ወረቀት ያስወገድኩት እኔ ነኝ። ጀርባው ላይ ምን እንደተጻፈ የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች። እናቴ ስለ እኔ ምን አለች? ትወቅሰኝ ነበር? ታዝንልኝ ነበር? እያረጀሁ ስሄድ ከማንኛውም ነገር በላይ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። አሰገደች ዘንድ ሄጄ እግሯ ላይ ብወድቅ ለእሷ ብዬ ይሁን ያቺን ቃል ልቀበል ብዬ ይሁን በምን አውቃለሁ? አሁንም ከእሷ የምወስደው ነገር ፈልጌ ይሆን?

ይህን ጽሑፍ ማንም ከማየቱ በፊት የምታየው እሷ ናት። በእጄ ይዤላት እሄዳለሁ። ተቀምጬ አነብላታለሁ፤ ይቅር በይኝም አልላትም፤ ያን የማለት መብት የለኝም። ሴቶቹ ነግረውሻል፣ እናቴም ነግራሻለች፣ በትክክል ሰምተሽ በትክክል ጽፈሻል፣ ዘጠኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። ስለ ጀርባው ገጽ ግን አልጠይቃትም። እናቴ ያንን የነገረችው ለእሷ ነው።